የሊፍቱ ሪባን

ከቶርንክሊፍ ፓርክ ወደ ባቡር ጣቢያው በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት እናትና የድሮ ጎረቤታቸው የሆነች ወጣት ያወራሉ።

«እማማ፣ ሊፍቱ ፊክስ ተደረገ እንዴ?»

«ተሠራ እንጂ! ትናንት ተመረቀ።»

«ሊፍት ይመረቃል?»

«አዲሱ የተከራዮች ሊቀመንበራችን እያሉ ምን የማይመረቅ አለ! ሰርቢያዊው ሽማግሌ።»

«ላውንደሪ ሲወርዱም ከረባት የሚያስሩት?»

«እሳቸው። አገራቸው ከጸሐፊነት ተነሥተው ከንቲባ፣ ከዚያም የክፍለ ሀገር አስተዳዳሪ ነበሩ። እዚህ ልጃቸው ጋ መጥተው ሥራ ሲፈቱ እኛ መረጥናቸው።»

«ታዲያ እንዴት አሠሩት?»

«በየሳምንቱ ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የሁላችንም ፊርማ! ማኔጅመንቱ ሲሰለቸው ሠራው።»

«ምርቃቱስ?»

«በሩ ላይ ቀይ ሪባን አሰሩ። ሳይቆረጥ ማንም አይገባም አሉ፤ ፒዛ ያመጣው ሰውዬ ሳይቀር ቆሞ አጨበጨበ። እኔማ እልልታዬን አቀለጥኩት! በዚህ ጉልበት አሥራ አንደኛ ፎቅ በእግሬ ስወጣ ከርሜ ማን ሊከለክለኝ?»

«ሲሪየስሊ፣ ደስ ሲል!»

«ከዚያ አብረን እንውጣ ብላቸው እምቢ አሉኝ፤ በደረጃ ሄዱ።»

«ምነው?»

«ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ነዋ። ሊፍት ተጠቅመው አያውቁም።»

«ታዲያ ምን አደከማቸው?»

«እኔም ይህንኑ ጠየቅኳቸው። ‹በዘመኔ ካስመረቅኳቸው ድልድዮች እኔ የተሻገርኩት ስንቱን ነው?› ብለው ሳቁ።»

መውረጃዬ ሲቃረብ ተነሣሁና ኮቴን አስተካክዬ፣ «ወራጅ አለ» የሚባልበትን ቢጫ የደወል ገመድ ሪባን እንደሚቆርጥ ባለሥልጣን ቀስ ብዬ ሳብኩት።