ሳይዘጋ የቀረው ፋይል

ፕሮግራመሯ ወደ ሆስፒታሉ ደም ባንክ የመጣችው ፕሪንተር ልትጠግን ነበር። ደረጃው ላይ ግን እያለከለከች ከምትወርድ አዋላጅ ነርስ ጋር ተላተመች።

«ይቅርታ፣ እህቴ» አለች ነርሷ። «ደም የሚፈሳት ወላድ አለችኝ። ማሽኑ ደግሞ ‹የተከፈተ ፋይል በዝቷል› ብሎ፣ የእሷ ዓይነት ደም የትኛው ፍሪጅ እንዳለ አልናገር አለ። ሰውዬው አጥፍተው እስኪያስነሱት ሃያ ደቂቃ ጠብቂ አሉኝ። ፍሪጆቹን በእጄ ልበርብር ነው።»

ፕሮግራመሯ ፕሪንተሩን ትታ ማሽኑ ወዳለበት የሰርቨር ክፍል ገባች። በሌሉበት «አባ አጥፋ» የሚባሉት አዛውንት የማሽኑ ጠባቂ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ ባማረ የእጅ ጽሑፍ «ማሽኑ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ያርፋል» ይላል። ልትቆጣ ቃጣት፤ ግን የአባቷ የሥራ ባልደረባ ናቸውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው በየቀኑ የሚያጠፉት?»

«ይደክመዋላ፣ ልጄ። አሥራ አንድ ዓመት ያቆየሁት እንዲህ አድርጌ ነው። ድሮ በወር አንዴ ይበቃው ነበር፣ ከዚያ በሳምንት፣ አሁን በየቀኑ ሆነ።»

«እየባሰበት ነው ማለት ነዋ። ብረት አይደክመውም፣ ጋሼ። በአንድ ጊዜ ከፍቶ ሊይዝ የሚችለው ፋይል ልክ አለው። ልኩን የሚሞላው ምንድን ነው ብለው አያውቁም?»

«ልኩን ሁለቴ ከፍ አድርጌለታለሁ።»

«ያም ሞላ?»

«ያም ሞላ።»

እንዲህ ያለ ሰው ያናድዳል። ሰነፍ ቢሆኑ ተቆጥቶ መገላገል ነበር፤ እሳቸው ግን ማሽኑን ሲጠብቁ ምሳቸውን በሰዓቱ በልተው የማያውቁ ትጉህ ናቸው።

ማሽኑ ሲነሳ «እስቲ አንድ ደም ይፈልጉ» አለቻቸው። ፈለጉ። የፍሪጆቹ ዝርዝር ፋይል ተከፈተ፤ መልሱም መጣ፤ ፋይሉ ግን አልተዘጋም። ደገሙ፤ ያው ፋይል ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ታየ። በአሥረኛው አሥር ሆነ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

ፕሮግራሙን ገልጣ አሳየቻቸው። ፋይሉን የሚዘጋው መስመር እንዳይሠራ ተደርጓል። አጠገቡ «መክፈትና መዝጋት ሥራ ያዘገያል፤ ክፍት ይቆይ» የሚል ማስታወሻ አለ።

«የእኔ ጽሑፍ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ጠያቂ እንዳይጠብቅ ብዬ ነበር።»

«የተከፈተውን መልሶ አይጠቀምበትማ፣ ጋሼ። ለእያንዳንዱ ጠያቂ እንደ አዲስ ይከፍታል።»

መስመሩን በገዛ እጃቸው መለሱት። ነርሷም ብቅ ብላ ደሙን ሦስተኛው ፍሪጅ ውስጥ እንዳገኘችው፣ ወላዷም እንደተረፈች ነገረቻቸው።

በማግስቱ ፕሮግራመሯ ልታየው ተመልሳ መጣች፤ ስድስት ሰዓት ላይ ማሽኑ አልጠፋም። ከማዋለጃ ክፍል ጥያቄ መጣ፤ መልሱ ወዲያው ሄደ። የተከፈቱት ፋይሎች ስድስት ብቻ ነበሩ። አንዲት የተመለሰች መስመር ለሆስፒታሉ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ፣ ለአዛውንቱም ምሳቸውን ሰጠች። ምክንያቱን ሳይጠይቅ ለሚደክም ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

አዛውንቱ ግን ለምሳ አልተነሱም። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ነቅለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ እስከ ትናንት በዚህ ሰዓት ደም ፈልገው የመጡትስ?» አሉ።

ከትናንት ጀምሮ ስትበግን የዋለችው ልጅ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።