ማሽኑን ገዛህ፣ ውሃውንስ?

(ከቀትር በኋላ፣ የወንዙ ውሃ ወደ መስኖው ቦይ በሚጠለፍበት ቦታ፣ የውሃ ተራ የሚያከፋፍሉት ሽማግሌ አያ እንዳላማው የቦዩ መዝጊያ ላይ ተቀምጠዋል፤ የመንደሩን የመብራት ማመንጫ ከማኅበሩ የገዛው ነጋዴ ዋሲሁን በአዲስ ሱፍ ፊታቸው ቆሟል።)

ዋሲሁን፦ ይነሱልኝ ብያለሁ እኮ፣ አያ እንዳላማው! መዝጊያውን ልክፈትና ውሃው ወደ ማሽኑ ይውረድ። እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ሪባኑ ተወጥሯል፣ ሁሉም አምፖሉ ይበራል ብሎ አንጋጧል።

እንዳላማው፦ ያንጋጡ። ማንጋጠጥ ለአንገት ጥሩ ነው።

ዋሲሁን፦ ቀልድ አይደለም! የመጡት የወረዳው ሰዎች ናቸው። «በግል ባለሀብት የተገኘ ብርሃን» ተብሎ ተጽፎ ተሰቅሏል።

እንዳላማው፦ አየሁት። ፊደሉ ያምራል። ማሽን ግን አያዞርም።

ዋሲሁን፦ ይስሙኝ። ማሽኑን ገዝቻለሁ። የማሽኑን ቤት ገዝቻለሁ። ሽቦውን፣ ምሰሶውን፣ ቆጣሪውን። ይኸው ውሉ፣ ይኸው ማኅተሙ። ማኅበሩ ራሱ ነው በጨረታ የሸጠልኝ።

እንዳላማው፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እስቲ አንብብልኝ፤ ውሃ የሚል አለበት?

ዋሲሁን፦ ውሃ... ውሃማ ከማሽኑ ጋር ነዋ! በውሃ የሚዞር ማሽን የሸጠ ሰው ውሃውንም ሸጧል።

እንዳላማው፦ በቅሎ የሸጠ ሰው የጎረቤቱንም ገብስ ሸጧል በለኛ!

ዋሲሁን፦ ቆይ፣ እርስዎ ግን ማን ነዎት? የውሃ አባት! በየትኛው አዋጅ? ማን ሾምዎት? ደመወዝዎስ ከየት ነው?

እንዳላማው፦ የሾመኝ ቦዩን የቆፈረው ሰው ነው። ደመወዜ ስድብ ነው፤ ቀን ሳይዛነፍ ይደርሰኛል። የዛሬውን አንተ ከፈልክ።

ዋሲሁን፦ ምጣዱ ሳለ እንቅቡ ተንጣጣ! ወረዳው የፈቀደውን እርስዎ ሊከለክሉኝ? ይሄን ያህል የሚቆረቆሩለትን የማኅበር መብራት እኮ አይተነዋል። አንዲት የማሽኑ ኩሽኔታ ብትሰበር ስምንት ወር ጨለማ! ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሻይ፣ ደግሞ ስብሰባ። ሊቀመንበሩ ገንዘብ ያዡን ይጠረጥራል፣ ገንዘብ ያዡ ሊቀመንበሩን። የሁላችንም ነው ሲባል የማንም ሳይሆን ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ! እኔ አንድ ቀን ከተማ ወጣሁ፣ ኩሽኔታዋን ይዤ መጣሁ፣ ገጠምኩ። አለቀ።

እንዳላማው፦ እውነትህን ነው። ያ ኮሚቴ በግ ቢያስጠብቁት ጅቡን ለስብሰባ የሚጠራ ነበር። በእነሱም አንጀቴ አሯል። ኩሽኔታውን ስለቀየርክ እግዜር ይስጥልኝ።

ዋሲሁን፦ እንግዲያስ! ይነሱ።

እንዳላማው፦ ቀስ በል። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማሽኑ ድሮ ሲሠራ የማን ውሃ ነበር የሚያዞረው?

ዋሲሁን፦ የወንዙ ነዋ።

እንዳላማው፦ ወይ ነጋዴ! ይሄ ቦይ የማዶ ሰፈር አርባ ሦስት አባወራ በደቦ የቆፈረው ነው። እያንዳንዱ ቤት ተራ አለው። በማሽኑ በኩል የወረደ ውሃ ገደል ገብቶ ይቀራል፣ ወደ ማሳ አይመለስም። ሲመሽ ግን ባለተራው ሁሉ ውሃውን ለማሽኑ ይተው ነበር። እኔም፣ እማሆይ ጥሩወርቅም። ለምን ይመስልሃል?

ዋሲሁን፦ በማታ ምን ያደርጉበታል? ይተኛሉ እንጂ።

እንዳላማው፦ ሽንኩርት በማታም ይጠጣል፤ እንዲያውም ይስማማዋል። የተውነው ቤታችን አምፖል ስለነበረ ነው! ተራውን የተወ ይበራለታል። በቃ። ወረቀት የለው፣ ማኅተም የለው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ዋሲሁን፦ ማንም አልነገረኝም!

እንዳላማው፦ ማንን ጠየቅክ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ንቀኸን ነው ያልጠየቅከው።

ዋሲሁን፦ እሺ፣ ይሁን። አሁንም ያው አምፖል ሊበራ ነው። ልዩነቱ ባለቤቱ እኔ መሆኔ ብቻ ነው።

እንዳላማው፦ የማን አምፖል? ትናንት ማዶ ሰፈር ገብተህ ስድስት ምሰሶ ነቅለህ በጋሪ የጫንከው አንተ አይደለህም? እነዚያን ምሰሶዎች እኮ ከጫካ በትከሻችን ነው ያወረድናቸው!

ዋሲሁን፦ ማዶ አያዋጣም። ለአርባ ሦስት ጎጆ ያን ሁሉ ሽቦ! ምሰሶዎቹ ወደ ወፍጮዬና ወደ መንገድ ዳር ሱቆቹ ይሄዳሉ። ንግድ ነው፣ ጽድቅ አይደለም።

እንዳላማው፦ ደግ። የእኛም ሽንኩርት ነው፣ ጽድቅ አይደለም። አምፖል የሌለው ሰው ተራውን አይተውም።

ዋሲሁን፦ ይሄማ ማስፈራራት ነው! ፖሊስ አመጣለሁ።

እንዳላማው፦ አምጣ። ውሃውን በካቴና ሲያስር እናየዋለን።

ዋሲሁን፦ ለዛሬ ብቻ! ለአንድ ሰዓት! ሰዎቹ አጨብጭበው እስኪሄዱ። ከዚያ ይዝጉት።

እንዳላማው፦ የዛሬው ተራ የእኔ አይደለም፣ የእማሆይ ጥሩወርቅ ነው። ሄደህ እሳቸውን ለምናቸው።

ዋሲሁን፦ የት አሉ?

እንዳላማው፦ ያውልህ፣ ማሳው ዳር የቆሙት። ትናንት ምሰሶውን ከደጃቸው ስትነቅል «ልጄ፣ ምን በደልንህ?» ያሉህ እሳቸው ናቸው። ምን ብለህ መለስክላቸው?

ዋሲሁን፦ ...አላስታውስም።

እንዳላማው፦ እሳቸው ያስታውሳሉ። «ኩራዝ ይግዙ» ነው ያልካቸው። ለመነኩሴ!

ዋሲሁን፦ ኧረ በማርያም፣ አያ እንዳላማው! ሰዎቹ ሊነሱ ነው። የአገር መሳቂያ ልሆን ነው!

እንዳላማው፦ መሳቂያማ ትናንት ሆነሃል፤ ሳቁ ነው ዛሬ የደረሰህ። ስማ። ማሽኑ ያንተ ይሁን። ቆጣሪህንም ስቀል፣ ያበራነውን እንከፍላለን፤ በነፃ ስጠን ያለህ የለም። ምሰሶዎቹ ግን ወደ ማዶ ይመለሳሉ። ከእማሆይ ደጅ ጀምር፣ በገዛ እጅህ፣ በዚሁ ሱፍህ። የእሳቸው ምሰሶ ሲቆም ካዩ ለዛሬ ተራቸውን ይተዉልሃል፤ አውቃቸዋለሁ። የቀረነው ደግሞ ምሰሶው እየቆመ እንተዋለን።

ዋሲሁን፦ በወረዳው ሰዎች ፊት ጉድጓድ ልቆፍር? እኔ ዋሲሁን?

እንዳላማው፦ አትቆፍር። ሪባኑን ቁረጥና ሻማ ለኩስላቸው። ጭብጨባ ሰማሁ ልበል? ወይስ ወንበር እያጣጠፉ ነው?

ዋሲሁን፦ ...ዶማ አለዎት?

እንዳላማው፦ ያውልህ ከኋላዬ። የማኅበር ነው፤ ስትጨርስ አፈሩን አራግፈህ መልስ።