ደካማው ባትሪ

— ሄሎ… ሄሎ፣ እታለም! ወዐለይኪ ሰላም… ትሰሚኛለሽ? ደሴ በሰላም ገባሽ?… እኔማ ትምህርት ቤት ነኝ፤ የሮቦት ክፍላችን በር ላይ ቆሜ ነው።

— ደኅና ነኝ… ደኅና ነኝ አልኩሽ እኮ! ድምፄ ምን ሆነ?

— …አልተመረጥኩም።

— አዎ፣ ለሮቦቷ ሾፌርነት። ዛሬ ጠዋት ፈተኑን… ኣሪያም ናታ! ሌላ ማን ይሆናል? ያቺ ከቃላሚኖ ሰፈር የምትመጣው፣ አብራኝ የምትቀመጠው… አዎ፣ ለዒድ ቤት መጥታ እማ «ልጄ» ስትላት የዋለችው። እሷው ናት።

— እንዴት አልናደድ! ክረምቱን ሙሉ የዚያችን ሮቦት ሽቦ የቀጠልኩት እኔ፣ ጣቴ የተለበለበው እኔ፤ አሁን እሷ ሪሞቱን ይዛ አዲስ አበባ ውድድሩ ላይ ትታያለች… እኔም እሄዳለሁ እንጂ። ከኋላ ቆሜ ባትሪ ልቀይርላት!

— ፈተናው? ወለሉ ላይ ባዶ ሃይላንድ ይደረድራሉ። በመሃሉ እየነዳሽ ኳሷን ወስደሽ ቅርጫት ትከቻለሽ። ሃይላንድ የጣለ ነጥብ ይቀነስበታል… እኔን አትጠይቂኝ። ሮቦቷ በረረችብኝ፤ ሁሉንም ጠራርጋ ጣለችው!

— ቆይ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለእማ ግን ትንፍሽ እንዳትይ… ወላሂ በይ… እሺ። ባትሪ የምሞላው እኔ አይደለሁ? ለራሴ ጢም ያለውን አስገባሁ፤ ለእሷ ደካማውን… አዎ፣ ሆን ብዬ! መሃል ላይ ቀጥ ትልባታለች ብዬ ነዋ።

— የት ትቆማለች! ባትሪው ሲደክም ሮቦቷ ቀስ ትላለች፤ ቀስ ስትል ደግሞ ያሉትን ትሰማለች። ኣሪያም እንደ ሙሽራ መኪና እያዘገመች አንዲት ሃይላንድ ሳትነካ ጨረሰች። መምህር ታዲዮስ አጨበጨቡ! «እርጋታ ማለት ይሄ ነው፣ ረምላ፣ አየሽ?» አሉኝ።

— አትሳቂ!… ሳቂ እንግዲህ።

— «ጉድጓድ ስትምሺ አታርቂው…» አውቀዋለሁ፣ ተረትሽን ተይኝ።

— ለመምህሩ አልነግራቸውም! ምን ብዬ? ቀናሁ ብዬ?… አዎ፣ ቀንቻለሁ! ሳቋ ራሱ ያቃጥለኛል። ክፉ ብትሆን እንኳ ደግ ነበር፤ ለሁሉም ጥሩ ናት፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

— ግን ቆይ፣ ገና አላለቀም። አሁን ለልምምድ ደግማ ልትነዳ ነው፤ በሙሉ ባትሪ። እኔው ነኝ የሞላሁት። ስትበርባት መምህሩ በዓይናቸው ያያሉ፤ «ረምላ፣ ነይ አንቺ ሞክሪ» ማለታቸው አይቀርም… ያኔ አሳያቸዋለሁ።

— እንታይ ኢልኪ፣ ፊዮሪ?… ጀሚራ? — እታለም፣ እንዳትዘጊ! ጀመረች ትለኛለች የቡድናችን ልጅ።

— …በረረች! አላልኩሽም? አሁን ትጥላለች… አሁን…

— ሄሎ… አለሁ፣ አለሁ። አልጣለችም… ቆይ፣ ማዕዘኑ ገና ነው፤ እኔን ጉድ የሠራኝ እሱ ነው… ታጠፈች…

— አለፈችው።

— ኳሷን ቅርጫት ከተተቻት፣ እታለም።

— ኧረ ሙሉ ነው ባትሪው! እኔ ራሴ ሞላሁት እያልኩሽ!

— ትበልጠኛለች… ትበልጠኛለች አልኩ! ስንቴ ታስደግሚኛለሽ?

— አላለቀስኩም። አቧራ ነው… እሺ፣ አለቀስኩ፤ ምን ይሁን?

— መጻእኩ፣ ኣሪያም! መጻእኩ!… እየጠራችኝ ነው። ሌላ ዙር ልትነዳ ነው፤ ባትሪ ቀይሪልኝ ትላለች።

— የቱን እሰጣታለሁ? ሙሉውን ነዋ! በደካማውም ነዳቻት፣ በሙሉውም ነዳቻት፤ ምን ቀረኝ?… በይ ዝጊው፣ እየጠበቀችኝ ነው።