እጅሽን ታጠቢ
ደግ ቃል ያስፈራኝ አንድ ቀን ነው። ቡሬ፣ መጋዘን ውስጥ የበርበሬ ዛላ ስለቅም አሠሪዬ እትዬ ጥሩዬ እጄን ልታጠብ ስነሳ እንኳ «መታጠብ ማታ ነው!» ይሉኝ ነበር። እናቴ ደምበጫ ታማ «አይቻት ልምጣ» ብላቸው፣ «በርበሬው ሲያልቅ ትሄጃለሽ» አሉኝ።

አንድ ማለዳ ግን ራሳቸው ውኃና ሳሙና ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ተይው። እጅሽን ታጠቢ፤ ደህና አድርገሽ» አሉኝ። ልጄ ብለውኝ እኮ አያውቁም! ቀና ስል ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆመዋል። መርዶ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እትዬ የፈሩት በበርበሬ እጄ ዓይኔን እንዳላብስ ነው። እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ።

«አልታጠብም እትዬ! በርበሬው ገና አላለቀም» አልኳቸው።