ከእሁዱ ጉባኤ በፊት ያረፉት ጄኔራል

ክቡራን አባቶች ካህናት፤ እትዬ ፈትለወርቅ፤ ልጃችን አርያም፤ ከኮክረንም ከኤርድሪም በዚህ በረዶ ካልጋሪ ድረስ ነድታችሁ የመጣችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን።

ሃይልኣብ እባላለሁ። የእድራችን ምክትል ሊቀ መንበር ነኝ። ድምፄ የሚንቀጠቀጠው ከብርዱ ነው ብዬ ላታልላችሁ አስቤ ነበር። ፈርቼ ነው። ጄኔራል ደርበው ወንድይራድ ሮብ ጠዋት አረፉ። ዛሬ ቅዳሜ እንቀብራቸዋለን። ነገ እሁድ ደግሞ እድራችን ለሁለት ይከፈል አይከፈል ብለን ድምፅ እንሰጣለን። ኢትዮጵያዊውንም ኤርትራዊውንም ሃያ ሁለት ዓመት ባንድነት የቀበረ እድር! ያንን አዳራሽ ነገ ማን ጸጥ ያሰኘዋል? እኔ? በየትኛው አቅሜ?

እንግዲህ የማውቀውን ልንገራችሁ።

የጋሼ ደርበውን ድምፅ ያወቅሁት ፊታቸውን ከማየቴ አሥራ አራት ዓመት በፊት ነው። አስመራ በአማርኛ የተማርኩ ልጅ ነኝ። በረሃ ስወጣ፣ አማርኛ ስለምችል ሬዲዮ ጠለፋ ላይ መደቡኝ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የመንግሥት ጦር የሚነጋገረውን እጽፋለሁ። እሳቸው ያኔ ኮሎኔል ነበሩ። ረጋ ያለ፣ "እሺ ወንድሜ" የሚያበዛ ድምፅ። አንድ ቀን ያ ድምፅ አንድ ኮረብታ በመድፍ እንዲመታ አዘዘ። ጻፍኩ። ሮጬ ለአለቃዬ ሰጠሁ። ማስጠንቀቂያው በጊዜ አልደረሰም። ኮረብታው ላይ ታናሽ ወንድሜ መሓሪ ነበር።

ያንን ድምፅ የሚረሳ ጆሮ አለ?

ከዚያ ካልጋሪ። ሁለቱ አገሮች እንደገና የተዋጉበት ዓመት ነው። ኤርፖርት፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። ከፊቴ ያለው ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከሌላ ሾፌር ጋር ያወራል። "እሺ ወንድሜ። እሺ ወንድሜ።"

እንዴት ከመኪናዬ እንደወረድኩ አላውቅም። ጣሪያውን ደበደብኩት።

"አንተ ኮሎኔል ደርበው ነህ!"

ወረዱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። "ነኝ። አንተስ ማነህ?"

"ወንድሙን የገደልክበት ሰው ነኝ።"

ምን ይላሉ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ጦርነት ነበር? ታዝዤ ነው? እናንተስ ስንቱን ገደላችሁብን? ሁሉንም ማለት ይችሉ ነበር። ውሸትም አልነበረም።

"ስሙ ማን ነበር?" አሉኝ።

"መሓሪ።"

"ዕድሜውስ?"

"አሥራ ዘጠኝ።"

"ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማንም ላይ አላላክክም" አሉ። ከኋላችን ጡሩምባ በጡሩምባ ሆነ። ሰልፉ ቆመ። ሁለታችንም ንቅንቅ አላልንም።

በሳምንቱ ከባለቤታቸው ከእትዬ ፈትለወርቅ ጋር ፋልከንሪጅ፣ ቤቴ ድረስ መጡ። ባለቤቴ ሓርነት በሩን ዘጋችባቸው። ተመልሰው መጡ። ዘጋችባቸው። በሦስተኛው፣ "ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። ካልከፈትሽልኝ እዚሁ ደጃፍሽ ላይ አልቅሼ እሄዳለሁ" አሏት። ሓርነት ከፈተችላቸው። መሓሪ ከሞተ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። እንደ ትናንት ሬሳ አለቀስነው።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ እድሩ ከዚያ ቤት ተወለደ። ሕጉ አንድ ነበር፤ የማንም ሬሳ ሲነሳ ሁላችንም እንነሳለን። ጋሼ ለዚህ ሕግ ስንት ስድብ ጠጡ! የገዛ ጓዶቻቸው "ከሃዲ" አሏቸው። የታክሲያቸውን መስታወት ሰበሩ። እኔንም የኔዎቹ "የጠላት አሽከር" ብለውኛል። አንዳንዶቻችሁ እዚህ ቆማችኋል፤ ስም አልጠራም።

ከአምስት ዓመት በፊት አገር ቤት ጦርነት ሲነሳስ? አዳራሹ ውስጥ ወንበር ያነሳችሁ ነበራችሁ። እኚህ ሽማግሌ መሃል ገብተው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። "እኔን ረግጣችሁ ተማቱ!" አሉ። ወንበሩ አንድ በአንድ ወረደ። ነገ ከተነሳ ግን ማን ይቀመጣል? ንገሩኝ፣ ማን?

አሁን የምለው ይከብደኛል። እትዬ ፈትለወርቅ፣ ይቅር ይበሉኝ። ግን ጋሼ ራሳቸው "ቀብሬ ላይ እንዳትሸፍንልኝ" ብለውኛል።

የእድሩን ደንብ የጻፍነው እኔና እሳቸው ነን። "አባል የሚሆን ከቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ያመጣል" ብለን ጻፍን። እህታችን ሃዋ የከረን ልጅ ናት፤ ሙስሊም ናት። በየለቅሶው ሻይ ስታፈላ፣ ወንበር ስትደረድር፣ ሺፍቷን ለውጣ ከሐዘንተኛ ጋር ስታድር ያላያት አለ? ባለቤቷ ኢድሪስ ሲሞት ደወለችልን። ጋሼ ደርበው፣ "ሃዋ፣ እህቴ፣ የሁለቱ ወገኖች እርቅ ገና አልጠናም። አሁን ደንብ ብንነካ ሁሉም ይፈርሳል። ትንሽ ታገሺ" አሏት።

አጠገባቸው ነበርኩ። ዝም አልኩ። ኢድሪስን ዘጠኝ ሰው ቀበረው። ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

ባለፈው ጥቅምት ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ከላይብረሪ አንድ የጦር ታሪክ ወሰድኩላቸው። ስለ አንድ የቦር ጄኔራል ነው፤ ቦሮች ደቡብ አፍሪካ የሰፈሩ ነጮች ናቸው። ሰውየው ከእንግሊዝ ጋር ተዋግቶ ተሸነፈ። በኋላ ከእንግሊዝ ጋር ታርቆ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ከገዛ ሰዎቹ ብዙዎቹ ከሃዲ አሉት። "ጋሼ፣ ይህማ እርስዎ ነዎት!" ብዬ ሳቅሁ።

በሳምንቱ ስመለስ ጨርሰውታል። ፊታቸው ጠቁሯል።

"ሁለቱ ነጮች ታረቁ" አሉ። "በማን መሬት ላይ ተቀምጠው ነው የታረቁት? ጥቁሩን ማን ጠየቀው? ጭራሽ ሕግ አውጥተው መሬቱን ነሱት፤ በዚያ ሰውዬ ዘመን ነው።" ከትራሱ ቀና አሉ። "ሃይልኣብ፣ እኛ ሃዋን ምን አደረግናት?"

ከሆስፒታል እንደወጡ ኦክስጅናቸውን ከኋላ ወንበር ጭኜ ወደ ኤርድሪ ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ይጠርጋሉ፤ ላብ ነበር። ሃዋ በሩን ስትከፍት ሊንበረከኩ ሲሉ አፈፍ አድርጋ ያዘቻቸው።

"ይተዉ ጋሼ፣ በአላህ። እኔ ይቅር ብያለሁ። ደንቡስ?"

"አስቀይረዋለሁ።"

"መቼ?"

"በሚመጣው ጉባኤ።"

"ካልደረሱስ?"

ዞረው እኔን አዩኝ።

አልደረሱም። በእጃቸው ጽፈው የፈረሙበት፣ የቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ይቅር የሚለው ማሻሻያ ኪሴ ውስጥ ነው። ትናንት ሦስት ሰው ኮል አድርጎልኛል። "ይህን ካነበብክ እድሩ አበቃለት። ለመከፈል ሰበብ የሚፈልጉት ይህን ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እነሱም ፈርተዋል። ባነበው ቢፈርስስ? ሃያ ሁለት ዓመት በኔ እጅ ቢፈርስስ? ባላነበውስ፣ ለማን ብለን ነው የምናቆመው?

ሃዋ መጥታለች። እዚያ ማዶ፣ መኪኖቹ ጋ ቆማለች። አባል አይደለሁም ብላ ነው።

ሃዋ፣ እህቴ፣ ነይ ወደዚህ። መንገድ ስጧት፣ ወገኖቼ። እባካችሁ፣ መንገድ ስጧት።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንዳንዶቻችሁ ፈቀቅ አላላችሁም። አይቻለሁ። ይሁን። አለፈች።

ሃዋ፣ አፈሩን ከኔ በፊት አንቺ አልብሻቸው።

ጋሼ ደርበው፤ ኢድሪስን እርስዎም እኔም አልቀበርነውም። ሚስቱ ግን ይኸው እርስዎን እየቀበረች ነው። እንዲህ ያለ ዕዳ ይዘን እንዴት እንተኛለን? እርስዎ ይረፉ። ነገ በአራት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ እቆማለሁ። መሃል ወለሉ ላይ ለመቀመጥ የእርስዎ ልብ የለኝም። ግን ማንበብ እችላለሁ። ቢያጨበጭቡም፣ ወንበር ቢያነሱም፣ እስከ ፊርማዎ ድረስ አነበዋለሁ።

ደህና ይሁኑ ጋሼ። ለመሓሪ እንደታረቅን ይንገሩልኝ።