መንገዱ ሲገባ እመጣለሁ

ከቱቲ ደሴት ወደ ካርቱም በሚሻገረው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ ሁለት የወሎ ሴቶች ስለ ደሴቱ አስፋልት ይከራከራሉ።

«ይኼ ዘለጥ ዘንድሮም አይነጠፍም።»

«ኢንሻአላህ ይነጠፋል። ጠጠሩን ደፍተውት የለ?»

«ጠጠሩማ እኔ ሥራ ስገባም ነበር፤ ሣር በቅሎበታል።»

«አንቺን ምን አንገበገበሽ እቴ? አገርሽ አይደለም!»

«አገሬም እንዲሁ ነው። ‹መንገዱ ሲገባ በመኪና ደጅሽ ድረስ እመጣለሁ› ብያት ነበር እማዬን።»

«ታዲያ አልገባም?»

«ወላሂ አልገባም። ሰሞኑን ታማ፣ የመንደሩ ቅሬ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ዋናው አስፋልት ድረስ አወረዷት።»

«አላህ ያሽራት! ተሻላት?»

«እንጃ። ሐኪም ቤት የሚወስዳት መኪና መጥቶ ሲቆም፣ ‹ልጄ ወረደች?› አለች አሉ።»

እዚህ ወራጅ ጣቱን አጩሆ ነው ሾፌሩን የሚያስቆመው፤ እኔ ግን መውረጃዬ እያለፈኝ ጣቴን ማጮህ አቃተኝ።