የከፈቱትን ሥራ ሳይዘጉ መተኛት የማያውቁት የፔሎ ራማትሴ ዜና ሕይወት

ከሩቅም ከቅርብም እንባችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ውጭ መኪኖቻችሁን ተደግፋችሁ የቆማችሁትም ጭምር፣ ሞተር አጥፉና ጆሮ ስጡ። የወንድማችንን የአቶ ፔሎ ራማትሴን ዜና ሕይወት የጻፈችውም የምታነበውም ታላቅ እህታቸው ናት፤ ግድፈት የሰማ ሰው ለራሱ ይያዘው።

አቶ ፔሎ ከአባታችን ከማዕድን ሠራተኛው ከአቶ ጼኮ ራማትሴና ከእናታችን ከወይዘሮ ማሌፉ እ.ኤ.አ. በ1958 በክረምቱ ብርድ እዚሁ ካትሌሆንግ ሰፈር ተወለዱ። ገና በጡት ሳሉ እየተወራጩ አላስታቅፍ ስላሉ ጎረቤቶቻችን «ማሌፉ፣ ይሄን ልጅ በገመድ እሰሪው እንጂ በጨርቅ አይሆንልሽም» ይሉ ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ተማሩ፤ በዚያ ዓመት ተማሪው ለአመፅ ተነሥቶ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም፣ መቀመጥ የሚባለውን ትምህርት ግን ከዚያም በፊት አልተማሩትም።

ከዚያ በኋላ በአንድ ፖርቱጋላዊ ጋራዥ በጠራጊነት ተቀጥረው፣ መጥረጊያውን ይዘው ሰው ሲሠራ እያዩ፣ ካዩት እየሞከሩ፣ በመጨረሻ መጥረጊያውን ጥለው መኪና ሥር ገቡ። የራሳቸውን ጋራዥ በዚህ ግቢ ከከፈቱ ወዲህ የበቆሎ ገንፏቸውን ቆመው ሲበሉ እንጂ ተቀምጠው ሲበሉ ያየ ሰው ካለ ይመስክር።

ወይዘሮ ንታቤሌንግን በሕግ አግብተው ሴት ልጃቸውን ፑሌንግን ወለዱ፤ እሷም ጋራዡ ውስጥ አደገች። ትዳራቸው የፍቅር ነበር፤ ጠባቸው ግን ሁልጊዜ በመጥረጊያ ነበር። ፍሪሲዮን ሲቀየር አዲሱ ክብ ሸራ ልክ መሃል ላይ ካልተቀመጠ የማርሹ ሣጥን፣ ካምቢዮው፣ እንቢ ብሎ ስለማይገባ፣ መሃሉን የሚይዝ እንጨት ያስፈልጋል፤ የየመኪናው ልክ ስለሚለያይ ደግሞ ወንድማችን የባለቤታቸውን መጥረጊያ እጀታ ጫፍ ጫፉን እየቆረጡ ይጠርቡት ነበር። ወይዘሮ ንታቤሌንግም «አንተ ሰውዬ፣ ጎንበስ ብዬ ስጠርግ እኮ መንገደኛው ሁሉ ምን ጠፋሽ እያለ ያፋልገኛል!» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም «ቁመትሽ ነው የረዘመው» ብለው መኪና ሥር ይገባሉ።

ወጣቶቹ ጉሼሼ የሚሏትን ይህችን ቀይ አሮጌ የእሽቅድምድም መኪና አካሏ ብቻ ቀርቶ ሳለ ገዝተው አስነሧት። በሰፈራችን የቀብር ወግ ስንቱን ሟች በዚህችው መኪና እንደ እንዝርት እየዞሩ፣ የጎማዋን ጢስ ከመቃብሩ በላይ እያቆሙ እንደ ሸኙ እናንተ ታውቃላችሁ፤ «እኔንም እሷ ሳትቀድመኝ ከዚህ ግቢ እንዳታወጡኝ» ብለው ነበር።

ባለፈው ክረምት ግን ሞተሯ እየጮኸ አልሄድ አለች። ካምቢዮውን ቢያወርዱት ሸራው አልቆ፣ ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረው ከባዱ የብረት ክብ፣ ቮላኖው፣ በሙቀት ሰማያዊ ሆኖና ተሰነጣጥቆ አገኙት። የወይዘሮ ንታቤሌንግ ወንድም አቶ ሞሌፌ «ሸራውን ብቻ ቀይርና ትሂድ፤ ማን ገልጦ ያያል?» ቢሏቸው፣ «እግሬ ፔዳሉ ላይ ያያል» ብለው መለሱና አዲስ ቮላኖ ገዝተው፣ በፎጣ ጠቅልለው አልጋ ሥር አስቀመጡት። ሳያስገቡት ሳንባቸው ታመመ።

ሆስፒታል ተኝተው ለዚህችው መኪና ልክ የጠረቡትን የመጥረጊያ እንጨት በጣታቸው ሲያሽከረክሩ ይውሉ ነበር። ጠያቂ በገባ ቁጥር ቀና ብለው ስለ ጤናቸው ሳይሆን ስለ ቮላኖው ይጠይቃሉ።

«ፑሌንግ፣ አስገባሽው?»

«አባባ፣ ስወጣ አብረን ነው ብለኸኝ የለ እንዴ?»

«እሱ ድሮ ነው። አሁን አስገቢው።»

በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ እንጨቱን እንደ ጨበጡ አረፉ። እህታቸውም ሲገነዙ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተተችው፤ ባዶ እጅ አይወዱም ነበርና።

አቶ ሞሌፌ ግን «ሟች ሳይቀበር በለቅሶ ቤት ብረት አይጮህም፤ ከቀብር በኋላ ይደርሳል» ብለው ጋራዡን ዘጉት። ፑሌንግ በሩ ላይ ቆማ ቁልፉን ታየው ነበር። እህታቸው «የከፈተውን ሥራ ሳይዘጋ ተኝቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ እንዴት ይተኛ? አንተ ሞሌፌ፣ ክፈት!» ብላ ቁልፉን ከእጃቸው ተቀበለች። ፑሌንግም አሮጌውን ቮላኖ ፈታ፣ አዲሱን አስራ፣ ቡሎኖቹን ተራ በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት እያቀያየረች፣ አባቷ እንደሚያደርጉት አጠበቀች። ዓርብ ከሰዓት፣ በቀብሩ ዋዜማ፣ አስከሬኑ ከሬሳ ማቆያ ወደ ቤት ሲገባ ሸራውን መሃል ለማስያዝ እንጨቱን ፈለገች። እንጨቱ ሳጥኑ ውስጥ ነበር።

«ሳጥን ይከፈት እንዳትሉ!» አሉ አቶ ሞሌፌ።

ማንም አላለም። ፑሌንግ ብቻ ሸራውን እንደ ያዘች ቆማ ቀረች። የዚያን ጊዜ ከለቅሶ ፍራሽ መነሣት የማይገባቸው ወይዘሮ ንታቤሌንግ ሳይነሡ፣ ስንት ዓመት የተጣሉበትን መጥረጊያ ከጥግ አስመጥተው በሰው እጅ ላኩ። «ለርዝመቱ አትሳሺ በሏት» አሉ።

ፑሌንግ ጠረበችው፤ ልክ ሆነ። ካምቢዮውን ብቻዋን አንሥታ መግጠም ስላልቻለች፣ ብረት አይጮህም ያሉት አቶ ሞሌፌ በለቅሶ ሸሚዛቸው መኪናው ሥር ተንጋልለው በደረታቸው ደገፉላት። ኮሌታቸው ላይ ያለውን ግራሶ ያያችሁ አትሣቁባቸው፤ የክብር ነው። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ፑሌንግ ማርሽ አስገብታ እግሯን ከፔዳሉ ቀስ እያደረገች ስታነሣ፣ መኪናዋ አልጮኸችም፣ አልተንቀጠቀጠችም፤ ሄደች። አሁን በር ላይ ናት፤ መሪዋን የያዘችውም፣ ከዛሬ ጀምሮ የጋራዡን ቁልፍ የምትይዘውም ፑሌንግ ናት፤ ቅር ያለው ካለ እህታቸውን ያነጋግር።

አቶ ፔሎ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ንታቤሌንግን፣ ልጃቸውን ፑሌንግን፣ የሚስታቸውን ወንድም አቶ ሞሌፌን፣ እኔን ታላቅ እህታቸውን፣ በእጃቸው ያለፉትን መኪኖችና አንድ በጣም አጭር መጥረጊያ ትተውልን ሄደዋል።

እግዚአብሔር ሆይ፣ የወንድማችንን ነፍስ በዕረፍት ቦታ ተቀበል። ማረፍ አያውቁምና ቀስ ብለህ አስተምራቸው፤ እስኪለምዱት ድረስ ግን ኪሳቸውን አትፈትሽባቸው። አሜን።